«ገደቡ አልፏል» የሚለው ማን ነው?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በድርጅት ሶፍትዌሮች ላይ ስለሚያጋጥሙ የሜሞሪ፣ የጊዜ፣ የግንኙነትና የመረጃ መጠን ገደቦች የሚያነሡ በመሆናቸው የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንና የመሥሪያ ቤቶቻቸውን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ድርጅታችን የሸቀጣ ሸቀጥ አከፋፋይ ሲሆን ሂሳቡን፣ ሽያጩንና የመጋዘኑን ሥራ የሚያከናውነው ኦዱ በተባለው ሶፍትዌር ነው። 42 ተጠቃሚዎች ነን። በአዘቦቱ ቀን ችግር የለም፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ግን የዓመቱን ጄኔራል ሌጀር (ዋናውን የሂሳብ መዝገብ) ወደ ኤክሴል ላውጣ ስል ሁለት ደቂቃ ያህል ያሽከረክርና ግንኙነቱ ተቋርጧል ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ እኔ ሪፖርቱን ሳዝዝ የሽያጭ ሠራተኞቹም አብረውኝ ከሲስተሙ ይወጣሉ። የአይቲ ባለሙያችን «ባለ 16 ጊጋባይቱ ሰርቨር አቅም አንሶታል፤ ራም (ሜሞሪ) ይገዛለት» ይላል፤ ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ «አምና የተገዛ ሰርቨር እንዴት ያንሰዋል?» ይላሉ። የማንኛቸው ሐሳብ ይሻላል? — የሂሳብ ክፍል ኃላፊ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሁለቱም ሳያዩ ነው የፈረዱት። ለምርመራው ከሁሉ የሚጠቅመው እርስዎ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት «ሁለት ደቂቃ» የሚለው ፍንጭ ነው። ኦዱ በድርጅት ደረጃ ሲተከል ከተጠቃሚዎች የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብለው የሚያስተናግዱ ወርከር የሚባሉ የሥራ ሂደቶች ይኖሩታል፤ ለእያንዳንዱ ወርከርም በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ገደቦች ተቀምጠዋል። ማንም ካልለወጣቸው በቀር አንድ ትእዛዝ በእጅ ሰዓት ሲለካ ከ120 ሴኮንድ፣ በፕሮሰሰር ሥራ ሲቆጠር ደግሞ ከ60 ሴኮንድ በላይ እንዲወስድ አይፈቀድለትም። ሜሞሪን በተመለከተ ለስላሳው ገደብ 2,048 ሜጋባይት ሲሆን፣ ይህን ያለፈ ወርከር የያዘውን ሥራ ጨርሶ በሌላ ይተካል፤ ጥብቁ ገደብ 2,560 ሜጋባይት ሲሆን፣ እሱን ያለፈ ግን ሥራውን ሳይጨርስ ወዲያው ይቆማል። እንግዲህ የእርስዎ ሪፖርት በየጊዜው ሁለት ደቂቃ ላይ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ያቋረጠው የሰርቨሩ ድካም ሳይሆን 120 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር መሆኑ በእጅጉ ያመዝናል። ራም ቢገዛም ያ ቁጥር ከቦታው አይነቃነቅም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የእጅ ሰዓትዎን ይያዙና ሪፖርቱ የሚቋረጥበትን ሴኮንድ ይለኩ። ልክ 60 ሴኮንድ ላይ 504 የሚል ቁጥር የያዘ ገጽ ከመጣ ያቋረጠው ኦዱ ራሱ ሳይሆን ከፊቱ የቆመው ኤንጂንኤክስ የተባለው አስተላላፊ ሰርቨር ሳይሆን አይቀርም፤ ኤንጂንኤክስ ከኋላው ካለው ሶፍትዌር መልስ የሚጠብቀው፣ ሌላ ካልተነገረው፣ 60 ሴኮንድ ነው። 120 ሴኮንድ ከሆነ ከላይ ያልነው ነው። የሚቋረጥበት ጊዜ ከቀን ወደ ቀን የሚለያይ ከሆነ ግን ወደ ሜሞሪው መሄድ ይገባል። ቀጥሎ ባለሙያው የኦዱን ሎግ ፋይል (ሶፍትዌሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን) ከፍቶ በዚያች ደቂቃ የተጻፈውን ያንብብ። ወርከሩ በጊዜ ገደብ ከተገደለ የሂደቱ ቁጥርና «ታይምአውት» የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ በሜሞሪ ከሆነ «ሜሞሪ ኤረር» የሚል ይታያል። በሎጉ ላይ ምንም ሳይጻፍ ወርከሩ ድንገት ከጠፋ የገደለው የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊነክስ ራሱ ሊሆን ስለሚችል፣ የከርነሉን (የሊነክስን እምብርት) መልእክቶች በዲሜሴጅ ትእዛዝ አውጥቶ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር መፈለግ ያሻል። የኦዱ ገደብ በማዋቀሪያ ፋይል ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ በሊነክስ መገደል ግን ማሽኑ በእርግጥ ሜሞሪ እንዳለቀበት የሚያሳይ ነው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

የሽያጭ ሠራተኞቹ አብረው መውጣታቸው ራሱን የቻለ ምልክት ነው። አንዱ ምክንያት የወርከር ቁጥር ዜሮ ሆኖ መተው ነው፤ ያኔ ሁሉም ተጠቃሚ በአንድ ሂደት ውስጥ ስለሚስተናገድ አንድ ከባድ ሪፖርት የሌላውን ሁሉ ሥራ ያጉላላል። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ ሰርቨሩ ሜሞሪ ሲያልቅበት ሊነክስ ከሚገድላቸው ሂደቶች አንዱ የዳታቤዙ የፖስትግሬስ ሂደት ከሆነ፣ ፖስትግሬስ የጋራ ሜሞሪው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል በሚል ጥንቃቄ የሌሎቹንም ግንኙነት በሙሉ ዘግቶ ራሱን ከጥፋት ማገገም ይጀምራል። በዚያች ቅጽበት ደረሰኝ እያዘጋጀ የነበረ ሁሉ ይወጣል። ይህ መሆኑን የፖስትግሬስ ሎግ በግልጽ ይናገራልና እሱንም ያስከፍቱ።

አሁን የራሙን ክርክር በስሌት እንየው። የኦዱ አዘጋጆች የሚሰጡት የግምት መንገድ አንድ ወርከር ስድስት ያህል ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል የሚል ነው፤ ለ42 ሰው ሰባት ወርከር፣ በቀጠሮ ለሚከናወኑ ሥራዎች አንድ ሲታከል ስምንት ይሆናል። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር የሚችለው፣ የኮሩን ቁጥር በሁለት አባዝቶ አንድ በመጨመር፣ ዘጠኝ ስለሆነ በዚህ በኩል አልተላለፋችሁም። ቀላል ትእዛዝ 150 ሜጋባይት፣ ከባድ ትእዛዝ አንድ ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ከአምስቱ ትእዛዝ አንዱ ከባድ ነው ተብሎ ሲሰላ በአማካይ ለአንድ ወርከር 325 ሜጋባይት፣ ለስምንቱ 2.6 ጊጋባይት ይደርሳል። የዳታቤዙ ድርሻ ቢጨመርበትም 16 ጊጋባይት ይበቃል፤ እስከዚህ ድረስ ሥራ አስኪያጁ ትክክል ናቸው።

ነገር ግን ይህ ስሌት የአዘቦት ቀን ስሌት ነው። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ የሂሳብ ክፍሉ በሙሉ ሪፖርት ላይ ሲረባረብ፣ የመጋዘን ቆጠራውም አብሮ ሲገባ፣ ከባዱ ትእዛዝ ግማሽ ቢሆን ፍላጎቱ ወደ 4.7 ጊጋባይት ያድጋል። ስምንቱም ወርከሮች በአንድ ጊዜ ጥብቁን ገደብ ቢነኩ ደግሞ 20 ጊጋባይት ይጠየቃል፤ ሰርቨሩ ያለው 16 ነው። በየቦታው የምናየው ልማድ፣ ማለትም ሪፖርቱ እምቢ ባለ ቁጥር የሜሞሪውን ጥብቅ ገደብ እጥፍ ማድረግ፣ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው መፍትሔ የሚሆነው ለዚህ ነው። ገደቡ በነበረበት ጊዜ የሚቋረጠው የአንድ ሰው ሪፖርት ነበር፤ ገደቡ ሲነሣ የሚወድቀው ዳታቤዙን ጨምሮ ሁሉም ነው።

ለአሁኑ መዝጊያ የምንመክረው የጊዜውን ገደብ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ለምሳሌ ወደ 600 ሴኮንድ፣ ከፍ ማድረግ፤ የፕሮሰሰሩንና የኤንጂንኤክሱን ገደብም አብሮ ማስተካከል፤ ሜሞሪውን ግን አለመንካት ነው። ለውጡ የሚሠራው የኦዱ አገልግሎት ቆሞ ሲነሣ ስለሆነ ከሥራ ሰዓት ውጪ ይደረግ። ከዚያም አንድ ሙከራ ያድርጉልን፦ ያንኑ ሪፖርት ለአንድ ወር፣ ለሁለት ወር፣ ለአራት ወር እያወጡ የወሰደውን ጊዜ ይመዝግቡ። ወሩ እጥፍ ሲሆን ጊዜውም እጥፍ ከሆነ ችግሩ የመረጃው ብዛት ብቻ ነው፤ በሩብ ዓመት ከፍሎ ማውጣት ይበቃል። ወሩ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ የሚሆን ከሆነ ግን ጥፋቱ የሪፖርቱ ፕሮግራም ነው፤ በተለይ ሪፖርቱ በአገር ውስጥ ለእናንተ ተብሎ የተጻፈ ተጨማሪ ሞጁል ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ መስመር የቀሩትን መስመሮች በሙሉ እንደገና የሚያስስ ሊሆን ስለሚችል ሠሪውን ያስጠሩት። ራሙን ከዚህ በኋላ ይወያዩበት።

ጥያቄ፦ በድርጅታችን የተሠራው የሰው ኃይልና የደመወዝ ሲስተም በፖስትግሬስ ላይ ይሠራል። ጠዋት 2፡30 ላይ ሠራተኛው ሲገባ «ይቅርታ፣ ደንበኞች በዝተዋል» የሚል ስሕተት ይመጣ ስለነበር የግንኙነቱን ጣሪያ ከ100 ወደ 1,000 አሳደግሁት። ለጥቂት ቀናት ሰላም ሆነ፤ አሁን ግን ሰርቨሩ ራሱ መንገዳገድ ጀምሯል። — የሲስተም አስተዳዳሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ፖስትግሬስ ደንበኛን ሲመልስ እንኳ ይቅርታ ብሎ ስለሆነ በጨዋነቱ የሚስተካከለው የለም፤ ምክንያቱን ግን ፈልጎ ማግኘት የእርስዎ ፈንታ ነው። በፖስትግሬስ እያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ ሂደት ነው። ከ100ው ውስጥ ሦስቱ ለዋናው አስተዳዳሪ የተጠበቁ በመሆናቸው ለፕሮግራሞች የሚቀረው 97 ነው፤ ይህም የተጠበቀበት ምክንያት ሁሉም ሲሞላ እርስዎ ገብተው እንዲያዩ ነው። በተጨማሪ ወርክ ሜም የተባለው፣ መደበኛው 4 ሜጋባይት የሆነ ቅንብር፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት ለአንድ ግንኙነት የተመደበ አይደለም፤ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የማደርደር ሥራ ነው። ሦስት ቦታ የሚያደረድር ሪፖርት ሦስት ጊዜ ይወስዳል። ቀድሞ አንድ ሰው ይህን ቁጥር ወደ 64 አሳድጎት ከነበረና አሁን 1,000 ግንኙነት ከፈቀዱለት፣ መንገዳገዱ የሚያስገርም አይደለም።

ጣሪያውን ወደ ነበረበት ሳይመልሱ በፊት ጠዋት 2፡30 ላይ ፒጂ ስታት አክቲቪቲ የተባለውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ። ግንኙነቶቹን በሁኔታቸው፣ በፕሮግራሙ ስምና በመጡበት አድራሻ ከፋፍለው ይቁጠሩ። አብዛኞቹ «አክቲቭ» ከሆኑ በእርግጥ ሥራ በዝቷል፤ «አይድል» ከሆኑ ፕሮግራሙ ግንኙነት ከፍቶ የማይዘጋ ነው። «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚሉት ከበዙ ግን ይጨነቁ፤ እነዚህ ሥራ ጀምረው ሳይደመድሙ የቀሩ፣ መረጃውን ሌላ እንዳይነካው የቆለፉበትንም ቁልፍ ይዘው የተቀመጡ ናቸው። ለእነርሱ ፖስትግሬስ ጊዜ ሲያልፍ የሚዘጋ ቅንብር አለው፤ ተተክሎ ሲመጣ ግን ዜሮ፣ ማለትም የማይሠራ ነው። አምስት ደቂቃ ቢያደርጉት ማን እንደሚጮህ ያያሉ፤ የሚጮኸው ክፍል የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው መታረም ያለበት።

ኦዱን ጨምሮ ብዙ ሶፍትዌሮች የራሳቸው የግንኙነት ጣሪያ እንዳላቸውም አይዘንጉ። በኦዱ መደበኛው 64 ሲሆን የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ የሥራ ሂደት ነው፤ ዘጠኝ ሂደት ያለው ሰርቨር በወረቀት ላይ 576 ግንኙነት ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። በዳታቤዙና በፕሮግራሙ መካከል ፒጂባውንሰርን የመሰለ ማጠራቀሚያ ማስገባት፣ ጥቂት ግንኙነቶችን ለብዙዎች እያፈራረቁ ለማስተናገድ ስለሚያስችል፣ ከ1,000ው ይልቅ ይህን እንመርጣለን። ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ ጣሪያው የሚለወጠው ዳታቤዙ ቆሞ ሲነሣ ብቻ መሆኑን አስቀድመው ለሠራተኛው ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ የአቅራቢዎችን ደረሰኝ ስካን አድርገን ከግዢ ጥያቄው ጋር ስናያይዝ አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ 413 የሚል ገጽ ያመጣል። ዲስኩ ግን ገና ባዶ ነው። — የግዢ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ዲስኩ አልተጠየቀም። ቁጥሩ የተላከው ፋይል ከተፈቀደው በላይ ነው ማለት ሲሆን፣ ከፊት ያለው ኤንጂንኤክስ ከሆነ ካልተለወጠ በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አያስገባም። በስልክ የተነሣ የደረሰኝ ፎቶ ይህን በቀላሉ ያልፋል። አስተዳዳሪው ወደ 20 ሜጋባይት ያሳድገው፤ እናንተም ስካነሩን በ300 ዲፒአይና በግራጫ ቀለም አድርጉት፤ ለደረሰኝ ከዚያ በላይ ጥራት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የመለዋወጫ ዕቃ መደብራችን የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም በነጻው የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ 2019 ላይ ይሠራል። ትናንት ሽያጭ መመዝገብ አቁሞ «ፕራይመሪ ፋይልግሩፕ ሞልቷል» አለን። ሃርድ ዲስኩ ላይ 300 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለ። ፕሮግራሙን የሠራልን ልጅ ደግሞ ሙሉ ላይሰንስ ካልተገዛ ምንም ማድረግ አይቻልም ይላል። — የመደብር ባለቤት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ልጁ ግማሹን እውነት ነው የነገረዎት። እዚህ ላይ ጣሪያውን የሠራው ማሽኑ ሳይሆን ላይሰንሱ ነው፤ ኤክስፕረስ 2019 አንድን ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ አያሳድግም። ከሜሞሪም ለመረጃ ማቆያው የሚጠቀመው 1,410 ሜጋባይት ብቻ፣ ከፕሮሰሰርም ቢበዛ አራት ኮር ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ሰርቨር ብላችሁ ራም ገዝታችሁ ከነበረ አብዛኛው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ይሁን እንጂ የመለዋወጫ መደብር ሽያጭ ብቻውን 10 ጊጋባይት መሙላቱ አጠራጣሪ ነው። በማኔጅመንት ስቱዲዮ ዳታቤዙን በቀኝ ጠቅ አድርጎ፣ «ሪፖርትስ» ከሚለው ሥር የዲስክ አጠቃቀምን በሠንጠረዥ የሚያሳየውን ሪፖርት መክፈት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ከላይ ተቀምጠው የሚገኙት የዕቃ ፎቶዎችን የያዘው ሠንጠረዥና ማን መቼ ምን እንደነካ የሚመዘግበው የክትትል ሠንጠረዥ ናቸው። ገደቡ የሚቆጠረው በእያንዳንዱ ዳታቤዝ ስለሆነ፣ የቆየውን የክትትል መዝገብ እዚያው ሰርቨር ላይ ወደ ተከፈተ ሌላ ዳታቤዝ ማዛወር ሕጋዊም ቀላልም ነው። ፎቶዎቹ ወደ ፎልደር ወጥተው በዳታቤዙ አድራሻቸው ብቻ ይቅር። ሽያጩንና ደረሰኙን ግን ለማስለቀቅ ብላችሁ አትሰርዙ፤ ግብር መሥሪያ ቤቱ ሲጠይቅ የምታቀርቡት መዝገብ ነው። ሠንጠረዦችን አጭቆ ማስቀመጥም፣ ቀድሞ የሚከፈልበት እትም ብቻ ይችለው የነበረ ቢሆንም፣ ከ2016 እትም የመጀመሪያ ሰርቪስ ፓክ ወዲህ በኤክስፕረስም ይቻላል።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። መረጃው ከተዛወረ በኋላ «ሽሪንክ» የሚለውን ፋይሉን የሚያሳንስ ትእዛዝ ማዘዝ አያስፈልግም፤ የተለቀቀው ቦታ በፋይሉ ውስጥ ስላለ አዲሱ ሽያጭ ይገባበታል፤ ሽሪንክ ግን ኢንዴክሶቹን (የፍለጋ ማውጫዎቹን) እየበታተነ ፍለጋውን ያዘገያል። የሎግ ፋይሉ ቢያድግም ከ10 ጊጋባይቱ አይቆጠርም፤ እሱ የሚበላው ዲስኩን ነው። ልጁ ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ በ2025 እትም ኤክስፕረስ ለአንድ ዳታቤዝ የሚፈቅደው 50 ጊጋባይት ሆኗል፣ እሱም በነጻ ነው። ወደዚያ ከመሻገር በፊት ባክአፕ ይወሰድ፣ ፕሮግራሙም በሌላ ኮምፒውተር ይሞከር፤ ወደ አዲሱ እትም የገባ ዳታቤዝ ወደ 2019 ተመልሶ አይጫንምና።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ሲሆን ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሴልስፎርስ የተባለውን የደንበኞች መዝገብ ሶፍትዌር አስተዳድራለሁ። የለጋሾችን መዝገብ አንድ በአንድ ስናስገባ ይሠራል፤ ከኤክሴል በጅምላ ስንጭን ግን የኤስኦኪውኤል (የዳታቤዝ) ጥያቄዎች ብዛት 101 ደረሰ ብሎ ሁሉንም ይመልሰዋል። ተጨማሪ ከፍለን ገደቡን ማስነሣት እንችላለን? — የሴልስፎርስ አስተዳዳሪ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አይቻልም። ሴልስፎርስ አንዱን ሲስተም ለብዙ ድርጅቶች በጋራ ስለሚያከራይ፣ አንዱ ተከራይ ሌላውን እንዳያጣብብ ያስቀመጠው ገደብ ነው፤ በአንድ ትራንዛክሽን (አብሮ በሚከናወን አንድ የሥራ ጥቅል) 100 የዳታቤዝ ጥያቄ፣ 150 የመጻፍ ትእዛዝ፣ 10 ሴኮንድ የፕሮሰሰር ጊዜ። ከጀርባ በወረፋ ለሚከናወን ሥራ ጥያቄው 200፣ የፕሮሰሰሩ ጊዜ 60 ሴኮንድ ይሆናል፤ ሆኖም ጥፋት ያለበትን ፕሮግራም ወደዚያ ማዛወር ማስታገሻ ነው።

የእርስዎ ችግር አንድ በአንድ ሲሠራ በጅምላ የሚወድቅ መሆኑ ጥፋቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። ሴልስፎርስ በጅምላ የመጡትን መዝገቦች እስከ 200 እያደረገ ለትሪገሩ (መዝገብ ሲገባ በራሱ ለሚነሣው ኮድ) ያቀርባል፤ በትሪገሩ ውስጥ በሉፕ እየዞረ ለእያንዳንዱ ለጋሽ አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ መስመር ካለ መቶ አንደኛው ለጋሽ ላይ ይቆማል። ኮድ ያልጻፋችሁ እንኳ ብትሆኑ፣ ያለ ኮድ ሥራ በሚዘጋጅበት በፍሎው ውስጥ «ጌት ሪከርድስ» የሚለው ሳጥን ከሉፑ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ ያው ነው። የሚታረመው የለጋሾቹን መለያ ቁጥሮች ቀድሞ በአንድ ስብስብ አከማችቶ፣ ከሉፑ ውጪ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ፣ መልሱን በማፕ (መለያ ቁጥርን ከመልሱ ጋር በሚያጣምር ዝርዝር) ይዞ ከዚያ እያነሡ በመጠቀም ነው። ስሕተቱን በትራይና በካች (ስሕተት በሚይዘው የኮድ ክፍል) ይዞ ለማለፍ አይድከሙ፤ ይህ ዓይነቱ የገደብ ስሕተት አይያዝም፣ ትራንዛክሽኑም በሙሉ ይመለሳል።

ዛሬ መጫን ያለበት ፋይል ካለ በዳታ ሎደር (በጅምላ መጫኛው ፕሮግራም) የባቹን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚላከውን መዝገብ፣ መጠን ከ200 ወደ 50 ዝቅ አድርገው ይጫኑት፤ አንድ ለጋሽ ከአንድ በላይ ጥያቄ የሚያስነሣ ከሆነ ከዚያም ያንሱት። እርማቱ ሲደርስ ደግሞ በሳንድቦክስ (በመሞከሪያው ቅጂ) የሚሞከረው በአንድ ለጋሽ ሳይሆን በ200 መዝገብ ይሁን፤ በዲበግ ሎጉ መጨረሻ ላይ ከ100ው ጥያቄ ስንቱ እንደተወሰደ ይጻፋል፤ በ200 መዝገብ አራት ወይም አምስት ካሳየ ትሪገሩ ወደ ዋናው ሲስተም ሊገባ ይችላል።